ስም አይቶ መሰረዝ

ለሸዋ ሮቢት ከተማ አስተዳደር፣ ለቀወት፣ ለኤፍራታና ግድም፣ ለአንጾኪያ ገምዛና ለጣርማ በር ወረዳዎች የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍሎች፣ እንዲሁም በይፋት ቆላ ኮድ ለሚጽፉ ወጣቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ሶርስ ኮድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በሰው እጅ የተጻፈበት ጽሑፍ ነው። ተጠቃሚው የሚያየው መስኮቱንና ቁልፎቹን ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ቀኑን ከየት እንደሚያመጣ፣ ሒሳቡን እንዴት እንደሚያሰላ፣ የትኛውን ሠንጠረዥ እንደሚከፍት የተጻፈው ሶርሱ ውስጥ ነው። እንደ ሲ ባሉ ቋንቋዎች የተጻፈ ፕሮግራም አንዴ ተተርጉሞ ከወጣ ሶርሱ ቢጠፋም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይሠራል። ጉዳቱ የሚገለጠው አንድ ነገር መለወጥ ሲያስፈልግ ነው፤ ተመን ሲሻሻል፣ አንድ ቀበሌ ለሁለት ሲከፈል፣ ኮምፒዩተሩ ሲቀየር። ያኔ የሰረዘው ባለሙያ ተዛውሯል፣ ምን እንደሰረዘም አያስታውስም። በፓይተን ወይም በፒኤችፒ ሲሆን ሶርሱ ራሱ ፕሮግራሙ ስለሆነ ስህተቱ ቶሎ ይጋለጣል፤ እርሱም ቢሆን የጠፋችው ፋይል በየቀኑ የምትጠራ ከሆነች ነው።

ለመሰረዝ የሚቀርበው ምክንያት ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ ዲስኩ ሞልቷል። ነገር ግን ዲስክ የሚሞላው በሶርስ ኮድ አይደለም። አሥር ሺህ መስመር ኮድ ከግማሽ ሜጋባይት ብዙም አይዘልም፤ በስልክ የተቀረጸ የአንድ ስብሰባ ቪዲዮ ግን ጊጋባይት ይይዛል። ኮዱን አጥፍቶ ቪዲዮውን ማስቀረት ጎተራውን ለማስፋት ዘሩን እንደማውጣት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ዝርክርክነት ነው፤ ይህኛው እውነትነት አለው። በብዙ ቢሮ ኮምፒዩተር ላይ «በጀት»፣ «በጀት 2»፣ «በጀት የመጨረሻ»፣ «በጀት እውነተኛ የመጨረሻ»፣ «አሮጌ»፣ «ሙከራ» እና «ቅጂ» የሚባሉ ፋይሎች ጎን ለጎን ተኮልኩለው ይገኛሉ። ሊያጸዳ የተቀመጠ ሰው የቱን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው፤ «አሮጌ»ን፣ «ሙከራ»ንና «ቅጂ»ን ያነሳል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የፋይልን ስም የሚያወጣው ግን መልአክ ሳይሆን ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ሥራውን ለመጨረስ የሚጣደፍ የደከመ ሰው ነው። «ሙከራ» ብሎ የጀመረው ሠርቶለት እዚያው ላይ ቀጥሎበታል፤ ስሙን ለመቀየር ጊዜ አላገኘም። «አሮጌ» የተባለው አዲሱ አልሠራ ሲል ተመልሶ የገባው ነው፤ ዛሬ ሪፖርት የሚያወጣው እርሱ ነው። ስሙ ፋይሉ በተወለደበት ቀን የነበረውን ሐሳብ ይነግራል፣ ዛሬ ስላለው አገልግሎት ግን ምንም አይናገርም።

ጥንቃቄ ያለው ሰው ከመሰረዙ በፊት የፋይሉን ስም በሌሎቹ ኮዶች ውስጥ ይፈልጋል። ይህ ጥሩ ልማድ ነው፣ በቂ ግን አይደለም። አንዱ ኮድ ሌላውን በሙሉ ስሙ ሲጠራ በፍለጋ ይገኛል። ብዙ ፕሮግራሞች ግን ስሙን በሥራ ላይ እያሉ ይገጣጥሙታል። «ሪፖርት» የሚለውን ቃል ይይዙና ከኋላው የወሩን ስም ይቀጥሉበታል። በመስከረም «ሪፖርት መስከረም» የተባለውን ፋይል ይከፍታሉ፣ በጥቅምት «ሪፖርት ጥቅምት»ን። ሙሉው ስም በየትኛውም መስመር ላይ ተጽፎ ስለማይገኝ ፍለጋው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ፈላጊውም «ማንም አይጠራውም» ብሎ ይፈርዳል። ሦስተኛው ዓይነት ጭራሽ ከኮዱ ውጭ ይጠራል፤ ሌሊት በተወሰነ ሰዓት እንዲሠራ ሰርቨሩ ላይ ከተመዘገበ የሥራ ዝርዝር፣ ወይም ማንም ከፍቶት ከማያውቅ የቅንብር ፋይል።

«ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ ፋይል ይሰረዝ» የሚለው ደንብም እዚህ አገር ራሱን የቻለ አደጋ አለው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የመዝጊያውን ሒሳብ የሚሠራው ኮድ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይነሳል። ጳጉሜ ደግሞ ሦስት ዓመት አምስት ቀን፣ በአራተኛው ስድስት ቀን ናት። ስድስተኛዋን ቀን የሚያስተናግድ ኮድ ለብቻው በአንድ ፋይል ከተቀመጠ ሥራ ላይ የዋለው በ2011 እና በ2015 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ የከፈተው ሁሉ የሞተ ፋይል ያየ ይመስለዋል። ከውጭ የመጣ የማጽጃ ፕሮግራም ስለ ጳጉሜ የሚያውቀው ነገር የለም።

ወደ ቦታው ስም እንምጣ። «ሸዋ ሮቢት» ሁለት ቃል ነው፤ በመካከሉ ክፍት ቦታ አለ። በሊኑክስ የመሰረዣው ትእዛዝ አር ኤም ይባላል፣ በትእዛዝ መስኮቱም ክፍት ቦታ የሚነበበው እንደ ስም መለያ ነው። አንድ ባለሙያ «ሸዋ ሮቢት» የተባለውን ያረጀ ፎልደር ከነውስጡ ለማጥፋት አስቦ ስሙን በትእምርተ ጥቅስ ሳያጥር ቢጽፍ፣ ኮምፒዩተሩ የሚሰማው «ሸዋን አጥፋ፣ ሮቢትንም አጥፋ» የሚል ነው። በዚያው ቦታ የዞኑን ሁሉ ሥራ የያዘ «ሸዋ» የሚል ፎልደር ካለ እርሱ ይሄዳል። «ሮቢት» የሚባል ከሌለ «አልተገኘም» የሚል አንድ መስመር ይወጣል። «ሸዋ ሮቢት» ግን አንድም ሳይነካ እዚያው ይቀራል። ባለሙያው የሚያየው ያቺን የማትጎዳ የምትመስል መስመር ብቻ ነው፤ ስለ ዞኑ ፎልደር የሚነግረው የለም።

ይህ የገጠር ስህተት አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. በምብልቢ የተባለው የሊኑክስ ፕሮግራም መጫኛ ስክሪፕት ውስጥ በአንድ የፎልደር አድራሻ መካከል አንዲት ክፍት ቦታ ገባች፤ በጫኑት ሰዎች ኮምፒዩተር ላይ የሲስተሙን አብዛኛውን ፕሮግራም የያዘውን ዩኤስአር የተባለ ፎልደር ጠራርጎ ወሰደው። ከዚያም የቆየ የታወቀ ስህተት አለ። ተተርጉመው የወጡትን ትርፍ ፋይሎች ብቻ ለማጥፋት ኮከብ ምልክትና የፋይሉ ቅጥያ ተያይዘው ይጻፋሉ። ጣት ስታ በኮከቡና በቅጥያው መካከል ክፍት ቦታ ከገባ ኮከቡ ለብቻው ይቆማል፤ ብቻውን የቆመ ኮከብ ትርጉሙ «ሁሉንም» ነው። ሶርሱ ሁሉ ከጠፋ በኋላ ትእዛዙ «ያልከውን ቅጥያ አላገኘሁም» ይላል።

በ1998 እ.ኤ.አ. ፒክሳር በተባለው የካርቱን ፊልም ድርጅት ውስጥ ቶይ ስቶሪ 2 እየተሠራ ሳለ፣ ኮከቡን የያዘ የመሰረዣ ትእዛዝ የፊልሙን ፎልደር መብላት ጀመረ። ሠራተኞች የገጸ ባሕርያቱ አካል በየተራ ሲጠፋ ዐይናቸው እያየ ማሽኑን ለማስቆም ሮጡ። ባክአፑም ለካ በትክክል ሲሠራ አልቆየም። ፊልሙን ያተረፈው ጋሊን ሱስማን የተባለች ባልደረባ ልጅ ወልዳ ቤቷ ሆና ለመሥራት የወሰደችው ቅጂ ነበር። የዓለም ትልቅ ስቱዲዮ በአንዲት እናት የቤት ኮምፒዩተር ነው የተረፈው።

አማርኛ ደግሞ ከክፍት ቦታው ሌላ የራሱ ወጥመድ አለው፤ ሞክሼ ፊደላት። «አንጾኪያ»ን አንዱ በጸሎቱ ጸ ይጽፋል፣ ሌላው በፀሐዩ ፀ። ለአንባቢ አንድ ወረዳ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ስሪት ሲገባ ግን ጸ እና ፀ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ ለየብቻ ቁጥር ተሰጣቸው፤ ኮምፒዩተሩም ሞክሼነታቸውን አያውቅም። ስለዚህ በአንድ ቢሮ ውስጥ «አንጾኪያ» እና «አንፆኪያ» የተባሉ ሁለት ፎልደሮች ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ። የሚያጸዳው ሰው «ድግግሞሽ ነው» ብሎ አንዱን ይሰርዛል፣ ፕሮግራሙ የሚጠራው ግን የተሰረዘውን ሆኖ ይገኛል። የተገላቢጦሹም አለ፦ «አንጾኪያ» የሚል ስም ያላቸውን ሁሉ ወደ ደኅና ቦታ ቅዳ፣ ከዚያ ዋናውን ፎልደር አጥፋ የሚል ስክሪፕት በፀሐዩ ፀ የተጻፉትን ሳይቀዳ ያጠፋቸዋል።

ይፋት በዚህ ረገድ የታወቀ ምሳሌ ነው። አንዱ ይፋት ይላል፣ ሌላው ኢፋት፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ወላስማ ሥርወ መንግሥት ግዛት የጻፈው አል ዑመሪ ደግሞ አውፋት ብሎታል። ሸዋ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አናባቢው ቢያንስ በሦስት መልክ ይመጣል። ጣርማ በር ተያይዞም ተለያይቶም ይጻፋል። አጣዬን ኤፌሶን የሚላት አለ። ሮቢትን ሮቢ ብሎ የሚያሳጥረውም አይጠፋም። የታሪክ ተማሪ የየቦታው የተለያዩ አጻጻፎች አንድ ቦታን እንደሚያመለክቱ ያውቃል፤ በስም የሚያጣራ ትእዛዝ ግን አያውቅም።

የጥያቄ ምልክቱ ነገር ከሁሉም የከፋ ነው፤ ብዙ ሰውም አይጠረጥረውም። በዊንዶውስ ጥቁሩ መስኮት ውስጥ የፋይሎችን ዝርዝር ወደ ጽሑፍ ፋይል ማውጣት ይቻላል። መስኮቱ በተለመደው ቅንብሩ ከሆነ የግዕዝ ፊደል በሚጠቀምበት የፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ ስለሌለ እያንዳንዱ ፊደል በአንድ የጥያቄ ምልክት ይተካል። «ሮቢት» የተባለ የሲ ፋይል በዝርዝሩ ላይ ሦስት የጥያቄ ምልክትና የሲ ቅጥያ ሆኖ ይወጣል፤ «ይፋት»ም እንዲሁ። ባለሙያው ዝርዝሩን ለመሰረዣ ትእዛዝ ቢሰጠው፣ ትእዛዙ የጥያቄ ምልክትን «የትኛውም አንድ ፊደል ወይም ባዶ» ብሎ ነው የሚተረጉመው። በመሆኑም «ሮቢት»ን አጥፋ የተባለው ትእዛዝ፣ ስማቸው ሦስት ወይም ከዚያ ያነሰ ፊደል የሆኑትን የሲ ፋይሎች በሙሉ፣ በላቲን የተጻፉትን ጨምሮ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ያነሳቸዋል። ማንም ያልተሳሳተበት፣ እያንዳንዱ እርምጃ ትክክል የሚመስል ጥፋት ይህ ነው።

የስም ርዝመትም አለ። ሊኑክስ ላይ የተለመደው የፋይል አደረጃጀት ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ ጣሪያው 85 ፊደል ይሆናል። ዊንዶውስ ግን የሚቆጥረው በፊደል ስለሆነ እስከ 255 ይሸከማል። የቢሮ አማርኛ ረጅም ርእስ ይወዳል፤ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ሲቀዳ ረጃጅሞቹ ይቀራሉ። «ቅጂው አልቋል» ተብሎ ዋናው ሲሰረዝ አብረው ይሄዳሉ።

የዓለሙ ልምድም ከዚህ አይሻልም። በዩኒክስ ማሽኖች ላይ አንድ ፕሮግራም ሲወድቅ የማስታወሻውን ይዘት «ኮር» በሚባል ፋይል ጥሎ ይሄዳል። ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ የሲስተም አስተዳዳሪዎች ስማቸው «ኮር» የሆኑትን በየሌሊቱ እየፈለገ የሚያጠፋ ሥራ መመደብን ልማድ አደረጉት። የሥራውን እምብርት የያዘውን ፋይል «ኮር» ብሎ የሰየመ ፕሮግራመር ማለዳ ሲነሳ ባዶ ቦታ ያገኝ ነበር። በሊኑክስ ከርነል ሶርስ ውስጥ «ኦክስ» የሚባል የሲ ፋይል አለ፤ የቆዩ የዊንዶውስ ስሪቶች ይህን ስም ከጥንት ከዶስ ዘመን ጀምሮ ለመሣሪያ ስለያዙት ፋይሉን በተለመደው መንገድ መፍጠር አይፈቅዱም። በዚያው ከርነል ውስጥ በትልቁና በትንሹ የላቲን ፊደል ብቻ የሚለያዩ፣ ሥራቸው ግን የተለየ ጥንድ ፋይሎች አሉ። ሶርሱ ዊንዶውስ ላይ ሲወርድ ከጥንዶቹ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። የወረደውን ሳያይ «የተለወጠውን ሁሉ መዝግብ» ብሎ መልሶ የሚልክ ሰው፣ አንድም ጊዜ የመሰረዣ ቁልፍ ሳይነካ የሌሎችን ፋይል ሰርዟል።

የአማርኛ ትርጉም በነፃ ሶፍትዌሮች ውስጥ የሚቀመጠው ኤ ኤም በሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ነው፤ የግኖም የአማርኛ ትርጉም ፋይሎች የሚሰየሙት በዚህ ነው። ኦቶሜክ የተባለው የግንባታ መሣሪያም ዋና ፋይሎቹን የሚለየው በእነዚሁ ሁለት ፊደላት ቅጥያ ነው። ያረጁ የአማርኛ ትርጉሞችን ለማጽዳት ኤ ኤምን እየለቀመ የሚያጠፋ ሰው ፕሮግራሙ የሚገነባበትን መመሪያም አብሮ ይነቅላል።

በትእዛዝ መስኮት የተሰረዘ ፋይል ወደ ሪሳይክል ቢን አይገባም። በአሮጌው ዓይነት ዲስክ ላይ ቶሎ ከተደረሰበት ሊመለስ ይችል ነበር፤ በዘመኑ ኤስኤስዲ ላይ ግን የተሰረዘውን ቦታ ዲስኩ ራሱ ቶሎ ስለሚያጸዳው ተስፋው የመነመነ ነው። ቅጂ ከሌለ የለም ማለት ነው። ቅጂው ከዋናው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ከሆነም እንደሌለ ይቆጠራል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ዘልቋል፤ አንድ ክፍል ውስጥ ያለ ኮምፒዩተርና አንድ ክፍል ውስጥ ያለ ፍላሽ አንድ ዕጣ እንዳላቸው ለዚያ ከተማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሰላም ቢሆን እንኳ የቆላው ሙቀትና አቧራ ለዲስክ ወዳጅ አይደለም። አንዱ ቅጂ ቆላ፣ ሌላው ጣርማ በርን አልፎ ደጋ ደብረ ብርሃን ቢቀመጥ ወጪው የአንድ ዲስክ ዋጋ ነው።

በመዝገብ ቤት ወረቀት ሲወገድ ኮሚቴ ይሰየማል፣ ዝርዝር ይወጣል፣ ይፈረማል። የዶሴው ጀርባ ላይ «ልዩ ልዩ» ስለተባለ ብቻ ወደ እሳት የሚጥለው የለም፤ ይከፈትና ይታያል። ለሶርስ ኮድ የሚያስፈልገው ከዚህ የቀለለ ነው። ጊት የተባለው መሣሪያ፣ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሊኑክስ ከርነል የሠራው፣ የእያንዳንዱን ፋይል ታሪክ ይይዛል፤ በጊት የተመዘገበ ፋይል ቢሰረዝም ከነቀኑና ከሰረዘው ሰው ስም ጋር ተመልሶ ይመጣል። ዋጋው ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ጊት የሚያውቀው የተመዘገበለትን ብቻ ነውና ከማጽዳት በፊት መመዝገብ ይቀድማል። መዝገቡ ራሱ ኮዱ ባለበት ፎልደር ውስጥ ተደብቆ ስለሚቀመጥም ፎልደሩ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ሁለተኛው ቅጂ ለዚህም ይፈለጋል።

ሌላው አሠራር መሣሪያ እንኳ አይጠይቅም። የተጠረጠረ ፋይል ከመሰረዝ ይልቅ «የተነሱ» ወደሚል ፎልደር ይዛወራል፤ ከጎኑ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ከየት እንደተነሳ፣ መቼና በማን እንደተነሳ ይጻፋል። ፕሮግራሙ ያለ እርሱ መሥራት ካቃተው በደቂቃ ውስጥ ይመለሳል። በኮከብ ወይም በጥያቄ ምልክት የሚሠራ ማንኛውም ትእዛዝ ደግሞ መጀመሪያ «አሳይ» ተብሎ ይሞከራል፤ የሚያሳየው ዝርዝር በሰው ዐይን ከተነበበ በኋላ ነው «አጥፋ» የሚባለው። ክፍት ቦታ ያለው ስም ሁሉ በትእምርተ ጥቅስ ይታጠራል፣ ካልሆነም ከመጀመሪያው በሰረዝ ይያያዛል። የየወረዳውና የየከተማው ስም አጻጻፍ አንዴ ተወስኖ በወረቀት ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ የጸሎቱ ጸ እና የፀሐዩ ፀ ክርክር እዚያው ያልቃል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ መርሐ ግብር ብዙ ወጣት ወደ ኮድ አምጥቷል። ኮድ መጻፍ የጀመረ ሰው በማግሥቱ መሰረዝም ይጀምራል፤ የወረዳ ኮምፒዩተር የሚሰጠውም ለእርሱ ነው። ስለዚህ በየክፍሉ ያሉ ኃላፊዎች ለአዲስ ባለሙያ ቁልፍ ሲያስረክቡ ሁለት ነገር እንዲያስረክቡ ይጠየቃሉ፦ የተመዘገበ ጊትና «የተነሱ» የሚል ፎልደር። እዚያ ፎልደር የገባ ነገር ቢያንስ አንድ የሰኔ 30 መዝጊያ ሳያልፍ አይሰረዝ። ከቀን መቁጠሪያ ጋር ንክኪ ያለው ደግሞ እስከሚቀጥለው ጳጉሜ 6 ይቆይ፤ ቀኑ የሚውለው በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።